ኦስካርን ስታሚ የድግሱን ወግ እዪ

ልጄ፣ የኦስካር ምሽት ባለፈ ማግስት ስልኬ ሲጮኽ ማን እንደሆነ ማየት አያስፈልገኝም። «ጋሼ፣ ዘንድሮም አናደዱኝ» ትያለሽ። ከዚያ የእገሊት ቀሚስ፣ የመድረክ መሪው ቀልድ፣ የፕሮግራሙ መንዛዛት፣ በመጨረሻም «ለማን ሲገባ ለማን ሰጡት!» ይከተላል። ሐሜትሽ ለዛ አለው፤ አልዋሽሽም፣ እጠብቀዋለሁም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገርሽ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆንብኛል። ቀሚሱ ምን አጠፋ?

ለማን እንደተሰጠ እኔ ብዙም አልጣላም። የአካዳሚው አባላት ድምፅ ሰጥተው ጨርሰዋል፤ እኛ ሳሎን ቁጭ ብለን ብንንጫጫ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ኦስካርን እንደ ድግስ እየው። ድግስ የሚመዘነው ሙዳውን ማን በላ ተብሎ አይደለማ። እንግዳውን እንዴት ተቀበሉት፣ የት አስቀመጡት፣ ጓዳ ስትለፋ የዋለችውን አስታወሷት ወይ፣ ሲሸኙስ እንዴት ሸኙ ይባላል። የምትወጂውንም የምትጠዪውንም በዚያ በኩል ፈልጊ። ዓመቶቹን የምጠራልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሲጀመር ትንሽ እራት ነበር። በ1929 ሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል ውስጥ 270 ያህል ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ሽልማቱ በ15 ደቂቃ ታድሎ አለቀ። አሸናፊዎቹ አስቀድመው ታውቀው ስለነበር ልቡ የተንጠለጠለ ሰው አልነበረም። ኋላ ላይ ውጤቱን ለጋዜጦች «እስከ ማታ በሆዳችሁ ያዙት» እያሉ ይሰጡ ጀመር፤ በ1940 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ሳይመሽ አውጥቶት ቁጭ አለ። የታሸገው ፖስታ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። በ1953 ቴሌቪዥን ሲገባ ደግሞ ድግሱ የተጋባዡ መሆኑ ቀረና የተመልካቹ ሆነ። ማስታወቂያው፣ ጥድፊያው፣ ሰው ሳይጨርስ ሙዚቃ መልቀቁ፣ ሁሉም እኛን ላለማሰልቸት የተበጀ ነው። እያማረርሽ ሪሞቱን ስትነኪ ይህንንም አስቢ።

ከልቤ የጠላሁት የ2022ቱን ነው። ስለ ጥፊው እንዳይመስልሽ። ጥፊው ከመሰንዘሩ በፊት፣ የቀጥታ ስርጭቱም ሳይጀመር፣ 8 ዘርፎች አዳራሹ ውስጥ ተሸልመው አልቀው ነበር፤ ድምፅ፣ የፊልም ሙዚቃ፣ ሜካፕ፣ አጫጭር ፊልሞች፣ ያንቺው ኤዲቲንግም ጭምር። በኋላ ተቆራርጦ በስርጭቱ መሃል ተሰገሰገ። «ዱን» ያን ምሽት ከወሰዳቸው 6 ሽልማቶች 4ቱ እንዲህ የተሰጡ ናቸው። ሰበቡ ፕሮግራሙን ማሳጠር ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንቺ ሌሊቱን ኮምፒውተር ላይ ተጎልተሽ አንዲት ትዕይንት ስትቆርጪና ስትቀጥዪ አይቼሻለሁ። ፊልም ሃምሳ ሎሚ ነው፤ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ጌጡን አብረው የተሸከሙትን በጓሮ በር አስገብቶ ለጥቂቱ ብቻ ማጨብጨብ ነውር ነው። የሙያው ሰዎች ተቆጡ፤ በዓመቱም 23ቱም ዘርፎች ወደ ቀጥታ ስርጭቱ ተመለሱ። ስለዚህ ቅሬታ ሁሉ ከንቱ ነው አልልሽም፤ ቦታውን ያወቀ ቅሬታ ሰሚ ያገኛል።

እዚያው ምሽት ላይ ግን ከዚህ ሁሉ ዓመት አብልጬ የምወደውን ነገር አየሁ። ዩን ዩ ጁንግ የምትባል ኮሪያዊት ተዋናይት አለች፤ ያኔ 74 ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ራሷ ተሸልማለች። የምርጥ ረዳት ተዋናይን ስም ልታበስር ወጥታ ፖስታውን ከፈተች። አፏን ከመክፈቷ በፊት እጇ በምልክት ቋንቋ ተናገረ። ያሸነፈው «ኮዳ» ላይ የተወነው፣ መስማት የተሳነው ትሮይ ኮትሱር ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ፈንታ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ አርገበገበለት። ሰውየው ወጥቶ ሐውልቱን ተቀበለ። እንግዲህ አስቢው፤ የሚናገረው በእጁ ነው፤ እጁ ላይ ደግሞ 34 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 4 ኪሎ ግድም የሚመዝን ሐውልት አለ። አዛውንቷ ሐውልቱን መልሳ ተቀበለችውና እፊቱ ሳትደነቀር ጠጋ ብላ ቆመች፤ እሱም ሁለቱንም እጁን ዘርግቶ የልቡን ተናገረ። ቪዲዮውን ፈልገሽ ፊቷን ብቻ እዪው። ዓይኗ እሱ ላይ ነው፤ ካሜራውን አትፈልገውም። አንቺ ያን ዕለት የላክሽልኝ መልእክት ስለ ቀይ ምንጣፉ ነበር።

ጥፊውን በአጭሩ እንለፈው። ክሪስ ሮክ ፀጉር በሚያረግፍ ሕመም የተላጨችን ሴት በራሷ ቀለደባት፤ በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው። ባሏ ዊል ስሚዝ ተነስቶ መታው፤ ይህም ጥፋት ነው፤ አካዳሚው ለ10 ዓመት ከዝግጅቶቹ አገደው። ተፈረደ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ በእሱ ላይ የተሠራውን ቀልድ ስታዛውሪልኝ ደስ አላለኝም፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ጥፊው እንደጮኸ የተጠራው የዘጋቢ ፊልም ሽልማት ነበር። ክዌስትላቭ በ1969 ሃርለም ውስጥ ስለተደረገ የሙዚቃ ፌስቲቫል በሠራው ፊልም አሸንፎ፣ እንባ እየተናነቀው ሲናገር ስንቱ ሰማው? አንቺስ ፊልሙን አይተሽዋል? እንግዳ የክብሩ ሰዓት ሲበላሽበት ነግ በኔ ማለት የጨዋ ልጅ ወግ ነው።

ሲያልቅ አያምር የተባለው ደግሞ ለ2017ቱ ምሽት ነው። ዋረን ቤቲ የምርጥ ፊልሙን ፖስታ ከፈተ፤ ካርዱን አየ፤ ፖስታው ውስጥ ሌላ ወረቀት ቀርቶ እንደሆነ ደግሞ አየ፤ ግራ ሲገባው ለፌይ ዳናዌይ አሳያት፤ እሷም «ላ ላ ላንድ» ብላ አነበበች። በስህተት የተሰጣቸው የምርጥ ሴት ተዋናይት ፖስታ ቅጂ ነበር። አዲስ አበባ የተወለደችው፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ የሆነው ሩት ነጋ የታጨችበት፣ ኤማ ስቶን ያሸነፈችበት ዘርፍ ማለት ነው። የ«ላ ላ ላንድ» ሰዎች ምስጋናቸውን ሲደረድሩ ከኋላቸው ትርምስ ተነሳ። ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ጆርዳን ሆሮዊትዝ ማይክሮፎኑን ያዘና ስህተት መፈጠሩን፣ ያሸነፈው «ሙንላይት» መሆኑን ተናገረ፤ ቀልድ እንዳይመስላቸው ትክክለኛውን ካርድ ለካሜራው ዘርግቶ አሳየ፤ የ«ሙንላይት»ን ሰዎች ራሱ ጠራቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ ይህ ሰው ግን እስኪያድር አልጠበቀም። አንቺ ያን ምሽት የምታስታውሺው «ቅሌት» ብለሽ ነው፤ ቅሌቱስ የፖስታ አቀባዩ ነው። እጅ የገባን ክብር በዓለም ፊት መልሶ ማስረከብን ከማን ትማሪ ነበር?

የት አስቀመጡት ስልሽ ደግሞ ሃቲ ማክዳንኤልን እያሰብኩ ነው። በ1940 ኦስካር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር እሷ ናት፤ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ላይ በረዳት ተዋናይነት። ሽልማቱ የተሰጠበት አምባሳደር ሆቴል ጥቁር እንግዳ አያስተናግድም ነበር፤ የፊልሙ ፕሮዲውሰር ለምኖ ነው ያስገባት። እሷም ከባልደረቦቿ ተለይታ ግድግዳ ጥግ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ተቀመጠች። ሸልመው ጥግ አስቀመጧት! ሽልማቷ በኋላ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጠፋ፤ በ2023 አካዳሚው ምትኩን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ፤ እዚሁ እኛው ዋሽንግተን። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ካሜራው አዳራሹን ሲቃኝ የፊተኛውን ረድፍ ትተሽ ኋላ ማን እንደተቀመጠ ተመልከቺ። መድረኩ ድረስ ረጅም መንገድ የሚሮጡት ብዙውን ጊዜ ያንቺ ሙያ ሰዎች ናቸው።

ስለ ንግግር አንድ ነገር ልበልሽና ልተው፤ እዚህ ላይ እንደማንስማማ አውቃለሁ። በ2025 ኤድሪያን ብሮዲ ከ5 ደቂቃ ተኩል በላይ ተናገረ፤ ሙዚቃው ሲነሳበትም አስቆመው። ለተሸላሚ የሚመደበው 45 ሰከንድ ነው። አንቺ «ቀኑ ነው፣ ይናገር» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እላለሁ። ስሙ የገነነው ሲያስረዝም ይታገሡታል፤ ስሙ ያልታወቀው የአጭር ፊልም ሠሪ ግን የእናቱን ስም ሳይጠራ ሙዚቃው ይወርድበታል። ከዚያው ዝግጅት የወደድኩት «ፍሎው»ን ነው፤ ማንም በነጻ በሚያወርደው ሶፍትዌር የተሠራ፣ ለላትቪያ የመጀመሪያውን ኦስካር ያመጣ የአኒሜሽን ፊልም። በገንዘብ እጦት ስታላዝኚ ይህንን አስታውስሻለሁ።

የኛንም ነገር ላንሳ። አቤል ተስፋዬ በ2016 የታጨ ዘፈኑን መድረኩ ላይ ሲዘፍን እኔም እንደ ሰው ሁሉ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ግን «እኛ ለምን አንታጭም?» የሚለው ጥያቄ በዓመት አንዴ፣ ያውም በኦስካር ሰሞን ብቻ ሲነሳ ያናድደኛል፤ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ። ኢትዮጵያ በ2014 «ድፍረት»ን፣ በ2015 «ላምብ»ን ልካ ነበር፤ ለመጨረሻው እጩነት አልበቁም። ቲኬት ቆርጠን ያየናቸው ስንቶቻችን ነን? ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ለአሥርት ዓመታት ያስተማረው ሃቲን ባነሳሁልሽ በዚያው በሃዋርድ ነው። ፊልሙ «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወስዷል፤ የአካዳሚው ሙዚየምም በ2021 ሲመረቅ ኃይሌን አክብሯል። አንቺ ግን የኦስካር እጩዎችን ዝርዝር በቃልሽ ትወጪና «ጤዛ»ን ገና አላየሽም። ኃይሌና ባለቤቱ የከፈቱት ሳንኮፋ የመጻሕፍት መደብር ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው፤ ቡናም አለ። ቅዳሜ ከሆነልሽ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ መኪና ማቆሚያ ግን አንቺ ፈልጊ።