መርፌና እውነት

ሕፃናትን ከምናስፈራራባቸው ነገሮች አንዱ መርፌ ነው። «አርፈህ ካልተቀመጥህ ሐኪም ዘንድ ወስጄ አስወጋሃለሁ» ያልነውን ልጅ፣ የታመመ ዕለት እጁን ይዘን «አይዞህ፣ ምንም አያምህም» እንለዋለን። የመጀመሪያው አነጋገር ሕክምናን ቅጣት ያስመስለዋል፤ የሁለተኛው ሐሰትነት ደግሞ መርፌው ቆዳውን በነካበት ቅጽበት ይገለጣል። ለመሆኑ ለሚፈራ ሕፃን እውነቱን መንገር ጭካኔ ነውን?

ጥያቄውን በጨዋታ መንገድ ለመመለስ የሞከሩ አሻንጉሊቶች አሉ። ስፕራውቴል የተባለ የአሜሪካ ድርጅት፣ አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ላለባቸው ልጆች ጄሪ የተሰኘ ድብ ሠርቷል። ልጁ የድቡን ጣት ተጭኖ የስኳሩን መጠን ይለካለታል፤ ያበላዋል፤ ኢንሱሊንም ይወጋዋል። ይኸው ድርጅት የነደፈውና አፍላክ የተባለው የመድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያስተዋወቀው ዳክዬ ደግሞ ካንሰር ለያዛቸው ልጆች የታሰበ ነው። ልጁ በደም ሥሩ መድኃኒት እንደሚሰጠው ሁሉ፣ እርሱም ለዳክዬው በማስመሰያ ቱቦ ይሰጠዋል። የስሜት ምልክት ያለበትን ክብ ካርድ ደረቱ ላይ ሲያስነካው፣ ዳክዬው ደስታንም ሆነ ኀዘንን በድምፅና በእንቅስቃሴ ይገልጽለታል።

«ይህ ልጅን በማባበል ለሕክምና ማስገበር አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ሁልጊዜ የሚስቅና ሁልጊዜ የሚድን አሻንጉሊት ቢቀርብለት፣ «ምንም አያምህም» የሚለው ውሸት በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ዳክዬው ማዘን መቻሉ ቁም ነገር የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ልጁ በአፉ ያልተናገረውን በካርዱ ይናገራል፤ አዋቂውም ማድመጥ ይኖርበታል።

ሌላም ነገር አለ። በሕክምና ክፍል ውስጥ ሕፃኑ የሚያዝ፣ የሚገለበጥና የሚወጋ ነው፤ ውሳኔው ሁሉ የሌሎች ነው። በጨዋታው ግን መርፌው በእርሱ እጅ ይገባል። መቼ እንደሚወጋ ይወስናል፤ ታማሚውን ያጽናናል፤ የሚደረግበትንም ነገር ምክንያት ቀስ በቀስ ይረዳል። ይህ ሕመሙን አያጠፋለትም፤ ነገር ግን ባልገባው ነገር ተይዞ ከመጮኽ ያድነው ይሆናል።

ለዚህ የግድ ውድ መሣሪያ አያሻም። እናት ከቁራጭ ጨርቅ የሰፋችው አሻንጉሊትና መርፌው የወጣለት ባዶ ስሪንጅ በቂ ናቸው። አስቸጋሪው የአዋቂው ድርሻ ነው፤ ሕክምናን ማስፈራሪያ ከማድረግ መታቀብና በሰዓቱ «ትንሽ ያምሃል፤ ቶሎ ያልፋል፤ እኔም ከአጠገብህ አልርቅም» ብሎ ቃልን መጠበቅ። እውነቱ የተነገረው ልጅ ሊያለቅስ ይችላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን የነገረውን ሰው ያምነዋል።