ዶማውን የሠራው እጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



እግዚአብሔር ለመጀመሪያው ሰው የሰጠው ሥራ አትክልተኛነት እንደ ሆነ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እንማራለን። አዳም በገነት የተቀመጠው እጁን አጣጥፎ ሊበላ ሳይሆን እየኮተኮተ እንዲንከባከባት ነበር። ስለዚህ የጓሮ ሥራ የተናቀ ሥራ አይደለም፤ ከበደል በፊት ለሰው የተሰጠ የክብር ሥራ ነው።

እኛ የጂንካና የአካባቢዋ ልጆች ደግሞ በዚህ ነገር የታደልን ነን። በአሪ ገበሬ ቤት ኋላ እንሰት ቆሞ እናያለን። በጥላ ሥር ቡናና ኮረሪማ፣ በዳር በዳሩ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ጎመን፣ ሙዝና ፓፓያ ይበቅላል። ቅዳሜ ወደ ጂንካ ገበያ ከሚወጣው ብዙው ከዚሁ ጓሮ የተለቀመ ነው። ጎረቤቶቻችን ሃለኮ የሚሉት ሽፈራውም አለ። ሽፈራው ድርቅ ይችላል፤ በበጋ ጎመኑ ሲጠወልግ የእርሱ ቅጠል ይለቀማል፤ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ተቀቅሎ ኩርኩፋ ይሆናል። ፍሬው ተወቅጦ ደፍራሽ ውኃ ያጠራል። ከመካከላችን ይህን ሁሉ የድሃ ምግብ ነው እያልን ያፈርንበት ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ በጾም ወራት ቤታችንን የሚያቆመው እርሱ ነው።

በአንድ የዐቢይ ጾም ወራት እኛ ወጣቶች አንድ ነገር ተስማማን። እያንዳንዳችን በየጓሮአችን መደብ አዘጋጅተን እንድንተክልና ከመጀመሪያው ለቀማ ከፍለን ለአረጋውያንና ለችግረኞች ምግብ እንድናዘጋጅ ነበር። የመጋቢት ዝናብ ሳይገባ መሬቱን ቆፈርን፤ የበሰበሰ ፍግና አመድ ቀላቀልን፤ ዕቃ የታጠበበትን ውኃ ሳንደፋ ለችግኙ አጠጣን። ጎመኑን ከታች ከታች እየቀነጠብን ጫፉን ተውነው፤ እንዲህ ሲደረግ እንደ ገና ያቆጠቁጣልና።

የተባለው ቀን ደረሰ። ሁላችንም እንደ አቅማችን ይዘን መጣን። ከሁሉ ያማረውን ያመጣች አንዲት እኅታችን ነበረች፤ ለምለም የሽፈራው ቅጠል በቅርጫት ሞልታ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት። በአካባቢያችን ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ እንደ ተለየ ወገን ሲታዩ፣ ከእጃቸው መብላትም ከእነርሱ መጋባትም ነውር ሲባል መኖሩን ሁላችን እናውቃለን። በአፋችን «እግዚአብሔር ይስጥልን» አልናት። ቅርጫቱን ግን ወደ ጥግ አስቀመጥነው። ያዘዘን ሰው አልነበረም፤ ለምን ብሎ የጠየቀም አልነበረም። ጎመኑ በሰለ፣ ምግቡ ታደለ፣ ቅጠሉ ግን እዚያው ጠወለገ። ሲመሽ ቅርጫቷን አንሥታ ዝም ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሦስት እሑድ አልመጣችም።

ወንድሞችና እኅቶች፦ ያን ቀን ጎመኑ የተቀቀለበት ማሰሮ እናቷ የሠራችው ነበር። መደቡን የቆፈርንበትን ዶማም የሠራልን ቀጥቃጭ ነው። ዶማውን ተቀበልን፣ ማሰሮውን ተቀበልን፣ እጁን ግን አልተቀበልንም። ይህ ምን ዓይነት ጾም ነው? ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደውን ጾም ሲያስረዳ፣ እንጀራን ከተራበው ጋር መቁረስንና ከገዛ ወገን ፊትን አለመመለስን አንድ ላይ ነው የሚናገረው። እኛ የመጀመሪያውን ያደረግን መስሎን ሁለተኛውን አፈረስን።

መጽሐፍ ቅዱስ የእጅ ሥራን አይንቅም። ባስልኤል ብረታ ብረት እንዲሠራ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት በኦሪት ዘፀአት ተጽፏል። ነቢዩ ኤርምያስም የእግዚአብሔርን ቃል ሊሰማ የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው። አዳምን ከአፈር ያበጀውን ፈጣሪ እያመለክን አፈር የሚያበጀውን ሰው እንዴት እንጸየፋለን?

የዘመኑ ዕውቀትም ይመሰክርብናል። የአሪ ቀጥቃጮች ከሌላ ዘር የመጡ ናቸው የሚሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረ መል ጥናት ግን የአሪ ቀጥቃጮችና ገበሬዎች ባለፉት 4500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ግንድ የተለያዩ ወንድማማቾች መሆናቸውን አሳይቷል። ለልዩነታቸው ምክንያት የሆነውም ቀጥቃጮቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ መጋባታቸው ነው። እንግዲህ አጥሩን ያጠረው ሰው እንጂ እግዚአብሔር አይደለም።

በአራተኛው ሳምንት ተሰብስበን ወደ ቤታቸው ሄድን፤ ይቅርታም ጠየቅን። እናትየዋ «ልጆቼ፣ ማሰሮዬን ገበያ ላይ ከእጄ ስትቀበሉ እኮ አላቃጠላችሁም» አሉን። ሌላ የወቀሳ ቃል አልጨመሩም። የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልን። አንዳንዶቻችን በላን፤ አንዳንዶቻችን እጃችን አልታዘዝ ብሎን ቀረን። ይህን ሳንደብቅ የምንጽፈው ለመማሪያ እንዲሆን ነው። ስንወጣ ለሁላችንም፣ ላልበላነውም ጭምር፣ የሽፈራው ችግኝ ሰጡን። ዛሬ በየጓሮአችን ቆሟል፤ ባየነው ቁጥር ያን ቀን ያስታውሰናል። እኅታችንም ተመልሳለች፤ በመዝሙር ከእኛ ጋር ናት። ነገር ግን የተመለሰችው እርሷ ናት እንጂ እኛ ገና በመንገድ ላይ ነን።

ጎደሬ በሚገባ ካልበሰለ አፍ ያሳክካል፤ ቀለል ባለ እሳት ደርሷል ብሎ የሚያወርደው ይጎዳል። ንስሐም እንዲሁ ነው። ይቅርታ ብለን ስናበቃ ማዕዱን ከሸሸን፣ ንስሐችን ገና ጥሬ ነው።

ስለዚህ ውድ ወጣቶች፣ እንትከል። ከጓሮአችን ስንለቅም ለጎረቤት እንክፈል፤ ስንሰጥ ብቻ ሳይሆን ስንቀበልም አናዳላ። መስጠት ለብዙዎቻችን ቀላል ነው፤ ከተናቀው እጅ ተቀብሎ መብላት ግን ትሕትና ይጠይቃል። ጌታችን ከሳምራዊቷ ሴት ውኃ ለምኗልና።

ልዑል እግዚአብሔር የጓሮአችንን ፍሬ ይባርክልን፤ በልባችን ያጠርነውን አጥር ያፍርስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።