ስለ ገላጋይነት፤ በትምህርት ግቢ ለሚኖሩ ልጆቻችንና ለአባቶቻቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የባቲ ከተማ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ናት። በዚያ ገበያ ደገኛው ከቈለኛው፣ አማራው ከኦሮሞውና ከአፋሩ ጋራ ይገናኛል፤ ክርስቲያኑም ከእስላሙ ጋራ ይገበያያል። እንዲህ ያለ ገበያ ጸንቶ የሚኖረው ጠብ ስለማይነሣበት አይደለም፤ ጠብ በተነሣ ጊዜ ገላጋይ ስለማይታጣ ነው እንጂ። በአገራችን ልማድ «የሰው ያለህ!» የሚል ጩኸት ሰምቶ ሥራውን ጥሎ የማይሮጥ ሰው እንደ ሰው አይቈጠርም ነበር።

ከዚህች ከተማ፣ ከከሚሴም፣ ልጆቻችን ትምህርት ፍለጋ በደሴና በኮምቦልቻ ወዳሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ከዚያም ርቀው ወደ ሌላው አገር ይሄዳሉ። እዚያም አባትና እናት፣ የሰፈር ሽማግሌም በሌሉበት ከማያውቁት ሰው ጋራ በአንድ ማደሪያ ይኖራሉ። በጥቅምት ወር መጨረሻ በ2012 ዓ.ም. በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ሁከቱም በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ታየ፤ ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወላጆቻቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በመንገድ ታገቱ። ያለቀሱት እናቶች ቋንቋቸው ልዩ ልዩ ነው፤ እንባቸው ግን አንድ ነው።

እንዲህ ያለ መከራ በአንድ ቀን አይወለድም። በማደሪያ ቤት በሚሰነዘር ስድብ፣ በማዕድ ላይ በሚነገር ፌዝ፣ በመንገድ ላይ አንዲትን ልጃገረድ በማስጨነቅ ይጀምራል። ይህን የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው፤ እያዩ የሚያልፉት ግን ብዙዎች ናቸው። የሚያልፉትም «ምን አገባኝ» እያሉ ነው። ይህ ቃል አዲስ አይደለም፤ ቃየን ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ የመለሰው መልስ ነው።

የዚህንም ጠባይ በዘመናችን ያሉ ሊቃውንት መርምረውታል። ላታኔና ዳርሊ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1968 ባወጡት ጥናት፣ ለየብቻ ክፍል የተቀመጡ ተማሪዎች አንድ ሰው በድንገተኛ ሕመም ሲጨነቅ ድምፁን እንዲሰሙ አደረጉ። ሰሚው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካሰቡት ከመቶው 85ቱ ድምፁ ሳይቋረጥ ለርዳታ ተነሡ፤ ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካሰቡት ግን የተነሡት ከመቶው 31 ብቻ ነበሩ። ልባቸው ስለ ጨከነ አይደለም፤ ያልተነሡትም ይጨነቁ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ሌላው ይሄዳል ብሎ ተቀመጠ። እንግዲህ የሕዝብ ብዛት ብቻውን ርዳታ አይሆንም፤ አስቀድሞ የሚነሣ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለውን ሰው ቅዱስ መጽሐፍ ከወገናችን ሰጥቶናል። ነቢዩ ኤርምያስ በጭቃ ጕድጓድ በተጣለ ጊዜ በኢየሩሳሌም መኳንንትም ካህናትም ነበሩ፤ የተነሣው ግን ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ከሥራው ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ እንግዳና አገልጋይ ሳለ «ለባለ አገሮቹ ልተው» አላለም። ሁለተኛ፣ ብቻውን አልዘለለም፤ ሥልጣን ወዳለው ወደ ንጉሡ ሄዶ ነገሩን በግልጽ ተናገረ፤ ሠላሳ ሰዎችንም ተቀብሎ ሄደ። ሦስተኛ፣ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ አስቀድሞ አወረደለት። ማዳን ብቻ ሳይሆን የሚድነው ሰው እንዳይጐዳ ማሰብም ይገባልና።

በአንጻሩ ሳውልን እንመልከት። እስጢፋኖስ ሲወገር ድንጋይ አልወረወረም፤ የወጋሪዎቹን ልብስ ብቻ ጠበቀ። ከተመለሰ በኋላ ግን ያን ቀን በግድያው እንደ ተስማማ አድርጎ ቈጥሮታል። ቆሞ መመልከት ከኀጢአት ነጻ አያወጣም ማለት ነው።

በራሳችን ታሪክም መልካሙ ምሳሌ አልታጣም። በ1965 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኀብ በተሸሸገ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ የነበረው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው አሳዩ፤ ተማሪዎችም ጩኸቱን አነሡ። «ምን አገባኝ» ቢሉ ኖሮ የወሎ ገበሬ የሚጮኽለትን ባጣ ነበር።

ስለዚህ፣ የምትማሩ ልጆቻችን ሆይ፤ ጠብ ሲነሣ ሌላውን አትጠብቁ። ኀይላችሁ ካልበቃ ጓደኞቻችሁን በስማቸው ጥሩ፤ ለአንዱ «አንተ ጥበቃውን ጥራ»፣ ለሌላው «አንተ ከዚህ ቁም» ብላችሁ ሥራ ስጡ። በመንገድ የምትጨነቀዋን እኅታችሁን እንደ ጓደኛ ጠርታችሁ ከመካከል አውጧት፤ በማግሥቱም «እንዴት አደርሽ» ብላችሁ ጠይቋት። ስድብ ሲነገር አትሣቁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንኳ ሕይወቱ በጽኑ አደጋ ላይ ያለውን ሰው ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት ሲችል የተወውን ይቀጣል፤ የወንጌል ሕግማ ምን ያህል ይጠይቅ!

የባቲ ልጆች ሆይ፤ ለእናንተ ደግሞ ልዩ ዕዳ አለባችሁ። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም በገበያ እየሰማ ያደገ ሰው፣ ሁለቱ ወገኖች በተጣሉ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሊገላግል የሚችል ነው። ሳምራዊው የረዳው ቋንቋውንና ወገኑን ጠይቆ አልነበረም።

ካህናት አባቶችም በየግቢ ጉባኤው ስናስተምር፣ የንስሓ ልጆቻችንንም ስንጠይቅ፣ «ምን ክፉ ሠራህ?» በማለት ብቻ አንወሰን፤ «ክፉ ሲሠራ ባየህ ጊዜ ምን አደረግህ?» ብለን እንጨምር። ይህ ጥያቄ ከእኛ ካልተሰማ ከማን ይሰማል? የታረደን ልጅ ከመቅበር የሚጣሉትን መገላገል ይሻላልና።

የአቤሜሌክን ልብ ለልጆቻችን ያድልልን፤ የትምህርት ግቢዎቻችንን የሰላም ቤት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።