መቁጠርና ማድመጥ

ሰውን ለማወቅ መቁጠር ይቀድማል ወይስ ማድመጥ? የማኅበራዊ ጥናት ሊቃውንት ከዚህ ክርክር መውጫ ያሉት መንገድ ሁለቱን ማቀናጀት ነው፤ ከአንድ ወገን አሃዝና የጽሑፍ መጠይቅ፣ ከሌላው ወገን ቃለ መጠይቅና የሕይወት ታሪክ። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ጥናቶች የሰውየው ቃል የሚገባው አሃዙ ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ነው፤ እንደ ማጣፈጫ። በበኩሌ ይህን ማቀናጀት አልለውም። ቁም ነገሩ ያለው ሁለቱ በሚጣሉበት ቦታ ነውና።

ለዚህ የማሪየንታልን ያህል ግሩም ምሳሌ አላውቅም። በቪየና አቅራቢያ የምትገኘው ይህች የኦስትሪያ መንደር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ተዘጋባትና፣ ከ478 ቤተሰቦቿ ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት አንድም ሠራተኛ የሌለባቸው ሆኑ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል (ሦስቱም በኋላ አገራቸውን ጥለው ተሰደዋል) ከባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱትን ጥናት በ1933 አሳተሙ። ከቤተ መጻሕፍት የሚወጣውን መጽሐፍ ቆጠሩ፤ በዋናው መንገድ የሚያልፈውን ሰው እርምጃ ሰዓት ይዘው ለኩ፤ የሕይወት ታሪክ አደመጡ፤ ውሎን በየሰዓቱ አስመዘገቡ።

ጊዜ የተረፈው ሰው ብዙ ያነባል ብሎ የገመተ ተሳሳተ፤ የሚወጣው መጽሐፍ ቀነሰ። ወንዶቹ እያዘገሙ ይሄዳሉ፣ በየጥቂት እርምጃው ይቆማሉ። ውሏቸውን ጻፉ ሲባሉ ግን የሚጽፉት ያጣሉ። አንደበት ሊናገረው ያልቻለውን እግር ተናገረ። ሴቶቹ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። የቤት ሥራ ስለሚጠብቃቸው ፈጠን ብለው ይራመዳሉ፤ ሰዓቱን ብቻ ያየ ተመራማሪ ሥራ ማጣት እነርሱን አልነካቸውም ሊል ይችል ነበር። ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ድካሙ እጥፍ ድርብ ቢሆንም ወደ ፋብሪካው መመለስን እንደሚናፍቁ፣ ናፍቆቱም ለገንዘቡ ብቻ እንዳልሆነ ተናገሩ። እዚህ ላይ ቃል አሃዝን አረመ። እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ በነፃ አይገኝም። አጥኚዎቹ ማንም ተመልካች ብቻ ሆኖ መንደሩ እንዳይገባ ደንብ አውጥተው ነበር፤ ልብስ አደሉ፣ ያለ ክፍያ የሚታከሙበትንም መንገድ ከፈቱ።

ይህን የምጽፈው እንደ ንጹሕ ዳኛ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት፣ ዛሬም በምኖርበት ባዕድ አገር፣ አንዲት አዛውንት የአገሬ ሴት ሊታከሙ እኔ ዘንድ መጡ። ቅጹ የሕመምን መጠን ከ0 እስከ 10 በቁጥር ይጠይቃል።

«ስንት ይሉታል እናቴ?» አልኳቸው።

«ተመስገን ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔም፣ በዚሁ ቋንቋ አፌን የፈታሁት፣ «ተመስገን» የጨዋነት እንጂ የጤንነት ቃል ብቻ አለመሆኑን ከማንም በላይ ማወቅ የሚገባኝ ሰው፣ 2 ብዬ ጻፍኩ። ቁጥር ቶሎ ይሞላል፤ ከበር ውጭ ወረፋ የሚጠብቁ ነበሩ። ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ እንደሚያነጉት የነገሩኝ በሦስተኛው ቀጠሮ ነው፤ ያኔ ቅጹን ወደ ጎን አድርጌ ስለ ልጆቻቸው ስጠይቃቸው።

ሕክምናውን ለወጥኩ። የመጀመሪያው 2 ግን ከመዝገባቸው አልተፋቀም፤ የዚያ ዓመት የሕሙማን አማካይ ሲሰላም አብሮ ተደምሯል።