መንገድ ያስተምራልን? ልጆችን ይዞ ስለ መጓዝ

በየቁምስናው በወላጆችና በካቴኪስቶች መካከል አንድ ሐሳብ ሲነሣ እንሰማለን። ልጆችን በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ሰብስቦ፣ መኪና ተከራይቶ፣ ዐሥር ቀን የሚሆን ረጅም የትምህርት ጉዞ ቢደረግ ምን ይመስላችኋል? የሚል ነው። ጥያቄው ሲጀመር የስንቅና የኪራይ ጉዳይ ይመስላል። በውስጡ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ልጅን ከቤቱ አውጥተን በመንገድ ላይ ልናስተምረው ስንነሣ በእርግጥ የምናስተምረው ምንድን ነው? ስለ ስንቁ ከመነጋገራችን በፊት ስለዚህ ልንነጋገር ይገባናል።

በውጭ አገር ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤታቸው የሚያስተምሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። በአሜሪካ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃምሳውም ግዛቶች ሕጋዊ ሲሆን፣ በጀርመን ደግሞ በመሠረቱ አይፈቀድም። እነዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን በመኪና አሳፍረው ሳምንታት የሚፈጅ ጉዞ ያደርጋሉ፤ ወንዙን በወንዙ ዳር፣ ታሪኩን ታሪኩ በተፈጸመበት ስፍራ ያስተምራሉ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ልማድ የለም። ሆኖም መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ በታዘዘ ጊዜ፣ ወላጆች ሁሉ ሳያስቡት የቤት አስተማሪዎች ሆነው ወራትን አሳልፈዋል። በከተማ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የረዳቸው ነበሩ፤ በገጠሩ ግን ብዙው ልጅ የተማረው እንሰት ሲፋቅ ቆሞ በማየት፣ ከብት በማገድና የአያቱን ተረት በመስማት ነው። ይህን እንደ ባከነ ዘመን ብቻ የሚቆጥሩት አሉ። እኛ እንዲህ ብለን ለመደምደም አንቸኩልም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ የልጆች የመጀመሪያዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች ወላጆች እንደሆኑ አስተምሯል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ይህ ኃላፊነት አልተመለሰላቸውም፤ ከእነርሱ ጋር ነው ያለው።

በመንገድ መማርም ለዚህች አገር እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ከአንዱ የቅኔ መምህር ወደ ሌላው በእግሩ እየተጓዘ፣ በየደጃፉ ለምኖ እየበላ ነበር የተማረው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ከ60,000 የማያንሱ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሠማርተዋል። ሁለቱም ያስተማሩት ብዙ ነው፤ ሁለቱም ያስከፈሉት ዋጋም ቀላል አይደለም። በፊተኛው ልጁ ብቻውን ነበር፤ በኋለኛው መንግሥት አዝዞት ነበር። ከአባቱና ከእናቱ ጋር፣ ወይም እነርሱ አምነው ከሰጡት ካቴኪስት ጋር ሆኖ፣ ሄዶ ለመመለስ የሚጓዝ ልጅ ግን ሦስተኛ ዓይነት መንገደኛ ነው።

እዚህ ላይ በዝምታ ልናልፈው የማንችለው ነገር አለ። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች መንገድ የሚለው ቃል ንጹሕ ቃል አይደለም። ከሆሳዕናም ሆነ ከዱራሜ መናኸሪያ በማለዳ የሚነሣው መኪና ወደ ሻሸመኔ ወይም ወደ ወራቤ ነው የሚሄደው፤ በብዙ ቤተሰብ ልብ ውስጥ ግን የዚያ መንገድ መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ነው። ልጆቻችን ሞያሌን፣ ናይሮቢንና ጆሃንስበርግን በስም ያውቃሉ፤ ወንድም ወይም አጎት የሄደበት ስለሆነ ነው። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለ ስፍራ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በ2022 እ.ኤ.አ. በሰሜን ማላዊ የኢትዮጵያውያን እንደሆነ የታመነበት የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በዛምቢያ ሉሳካ አጠገብ የ27 ሰዎች አስከሬን በመንገድ ዳር ተጥሎ ታየ። እንዲህ ያለ ወሬ በመጣ ቁጥር በእኛ ከተሞች ስልክ የማይደውል፣ ስም የማይጠይቅ ቤት ጥቂት ነው።

እንግዲህ አንዳንድ ወላጆች እንዲህ ቢሉ አይፈረድባቸውም፦ «ልጆቻችን መሄድን ከእኛ መማር የለባቸውም። ርቀት የቀመሰ ልጅ ቤት አይረጋም።» ይህ አስተሳሰብ ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ በቀላሉ ሊጣል አይገባውም። ነገር ግን ተመልከቱ፤ ደላላው የሚያተርፈው በምን ነው? ወጣቱ ርቀትን ባለማወቁ አይደለምን? የአገሩን ካርታ በእግሩም በመኪናም ለክቶ የማያውቅ ወጣት፣ «ጥቂት ቀን ነው፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ጥሩ ነው» ሲባል ለማመን ይገደዳል። አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ እግሩ ያበጠ፣ ውሃ ያለቀበት፣ ከዚያም በአባቱ ትከሻ ላይ ተደግፎ ያንቀላፋ ልጅ፣ ስለ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲነገረው ቃሉ ክብደት ይኖረዋል። ጉዞው ስደትን ያስቀራል አንልም። ስደት መሬት በመጥበቡ፣ ሥራ በመጥፋቱ፣ ደግሞም ከዚያ በተላከ ገንዘብ የተሠራውን ቤት ጎረቤት በማየቱ የሚመጣ ነው፤ በዐሥር ቀን ሽርሽር የሚፈታ አይደለም። የሄዱትንም ለመውቀስ አንጽፍም፤ ከሚልኩት ገንዘብ የሚማሩ ታናናሾች በየቤታችን አሉና። የምንለው፣ ልጅ እውነተኛውን መንገድ በመጀመሪያ ከሚወዱት ጋር ሊያየው ይገባል ነው።

ይህ ከሆነ የጉዞው ዕቅድ ራሱ የግብረ ገብ ሥራ ይሆናል። ብዙዎች ሲያቅዱ የሚሠሩት ስሕተት ስፍራ ማብዛት ነው። ከዱራሜ ተነሥቶ በሃላባ ቁሊቶ አልፎ ሻሸመኔና ሐዋሳ፣ ከዚያ በዝዋይ አዲስ አበባ፣ ሲመለሱ መልካ ቁንጡሬ፣ ጢያ፣ ቡታጅራ፣ ወራቤ፣ ሆሳዕና፤ ይህ ዙር በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ሆኖም የዐሥር ዓመት ልጅ በቀን አንድ ነገር እንጂ ሦስት አይሸከምም። የአብያታ ሐይቅን ብቻ ውሰዱ። ውሃው ከቀድሞው ዳርቻው በእጅጉ ሸሽቷል፤ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ይመጣለት የነበረው ውሃ ለመስኖ በመወሰዱና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ከሐይቁ በመሳቡ ነው። ልጁ በደረቀው ጭቃ ላይ ቆሞ «ውሃው የት ሄደ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የጂኦግራፊ፣ የኬሚስትሪና የፍትሕ ጥያቄ በአንድ አፍ ጠይቋል። እዚያ ላይ «ቶሎ በሉ፣ አዲስ አበባ ሳይመሽ እንግባ» ማለት ጥያቄውን መግደል ነው።

ጢያ ደግሞ ግማሽ ቀን ይገባታል። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ የቆሙት እነዚህ ድንጋዮች 36 ሲሆኑ፣ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ይታያል። ሌሎቹ ምልክቶች ትርጉማቸው እስከ ዛሬ በእርግጥ አልታወቀም። አስጎብኚዎቹ ከድንጋዮቹ ሥር የተቀበሩት አብዛኞቹ በወጣትነት የሞቱ ናቸው ይላሉ። አስተማሪ እዚህ ሲደርስ ዝም ማለትን ይልመድ። የስንት ወጣት ወላጆች ይህን ድንጋይ ለማቆም ስንት ቀን ጎተቱ? መቃብራቸው የማይታወቅ የዘመናችን ወጣቶችስ ድንጋያቸው የት ይቆማል? ልጆቹ ይህን ራሳቸው ካነሡት መልካም ነው፤ ካላነሡት አይገፉ። በዚሁ መንገድ ላይ ባለው በመልካ ቁንጡሬ ከአንድ ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ ዓመት በፊት የተጠረቡ የድንጋይ መሣሪያዎች አሉ፤ ስፍራው በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዘመኑን በቁጥር ከመንገር፣ ድንጋዩን የጠረበው እጅ ለልጁ መሣሪያ እያሳየ ሊያስተምር እንደቻለ ማሰብ ይበልጣል። ስለ ድንቅነሽና ስለ ብሔራዊ ሙዚየም ብዙ አንልም፤ ሁሉም ያውቀዋልና።

ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተር ይሰጠው፤ ግን አይታረምበት። ከጉዞው ሁሉ የረዳቱን ቀልድና የዝዋይን ዓሣ ብቻ የሚያስታውስ ልጅም ይኖራል፤ እርሱንም እንተወው፣ ያልዘራነው ሲበቅል ማየት የአስተማሪ ዕጣ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። ማን ይሄዳል? የመኪና ኪራይ፣ የነዳጅ፣ የማደሪያ ወጪ ተደምሮ ለልጆች ሲከፋፈል፣ መክፈል የሚችለው ቤት ይታወቃል። የመምህሩ፣ የነጋዴውና የውጭ ዘመድ ያለው ልጅ ይሄዳል፤ ውሃ ቀድታ፣ ታናሿን አዝላ የምትውለው ልጅ ትቀራለች። አንዳንዶች «የሄዱት ተመልሰው ለቀሩት ይንገሩ» ይላሉ። ይህ መልስ አይበቃንም። ያልሄደ ልጅ የሄደውን ወሬ ሲሰማ የሚማረው ስለ ጢያ ሳይሆን ስለ ራሱ ድህነት ነው፤ ደላላውም የሚፈልገው ይህንኑ ቁጭት ነው። በሌላ በኩል፣ ሁሉ ካልሄደ ማንም አይሂድ ማለት ደግሞ ፍትሕን የምቀኝነት ወንድም ያደርገዋል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ረጅሙ ጉዞ ሁሉም በሚደርስበት አጭር ጉዞ ይጀምር። የከምባታ ልጆች ወደ ሀምበሪቾ ተራራ ወጥተው 777ቱን ደረጃዎች እየቆጠሩ ቢመለሱ፣ ስንቃቸው ቆጮና ቆሎ ቢሆን፣ ወጪው ምንድን ነው? ከዚህ በኋላ ለረጅሙ ጉዞ የሚመረጡት በኪስ ሳይሆን በዕጣ ይመረጡ፤ መክፈል የሚችለው ወላጅም ልጁ ዕጣ ባይወጣለትም መዋጮውን ያዋጣ። ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ይኖራሉ። ከእነርሱ ጋር መነጋገሩ ራሱ ከጉዞው የማያንስ ትምህርት ነው። ልጃገረዶችን በተመለከተ ደግሞ ካቴኪስቱ ወደ ቤት ሄዶ እናቲቱን ያነጋግር፤ ለዐሥሩ ቀን ውሃውን የሚቀዳላት ሰው ሳይገኝ ፈቃድ ብቻ መጠየቅ ከንቱ ነው።

በየደረሱበት ማደሪያ የሚሆነው የቁምስና አዳራሽ ቢሆን ከሆቴል ይሻላል፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሆቴል ያደረ ልጅ ደንበኛ ነው፤ በሰው ቤት ያደረ ልጅ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ምስጋና አለበት። በሃላባ ቤታቸውን በቀለም ያስጌጡ ሰዎች፣ በዝዋይ ደሴቶች የሚኖሩት የዛይ ሰዎች የሚታዩ ትርኢቶች አይደሉም። ልጆቻችን ለሚቀበሏቸው የሚነግሩት የራሳቸው ነገር ይኑራቸው፤ የያሆዴና የመሳላ በዓል እንዴት እንደሚከበር፣ አተካና እንዴት እንደሚሠራ ቢናገሩ፣ ተመልካችም ተመልካቹም እኩል ይሆናሉ።

ልጅ ስለ መጥፋቱ የሚሰጉ ወላጆች የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 2 ያስታውሱ። ቅድስት ድንግል ማርያምና ዮሴፍ የዐሥራ ሁለት ዓመቱን ልጅ ይዘው ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ሲመለሱ፣ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ሦስት ቀን ፈልገው አገኙት፤ ያገኙትም በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው ነበር። ወንጌላዊው የእናቲቱን ጭንቀት አልሸሸገም። ከዚህ ሁለት ነገር እንወስዳለን፤ በየማደሪያውና በየመነሻው ስም መጥራት ግዴታ ነው፤ ደግሞም በጉዞ ላይ ልጁ እኛ ባላሰብነው ስፍራ፣ ባላሰብነው መምህር ፊት ሊቀመጥ ይችላል።

በሻሸመኔ መንገዶች ይገናኛሉ። ከሃላባ የመጣው መንገደኛ ወደ ሰሜን ቢዞር አዲስ አበባ ነው፤ ወደ ደቡብ ያለው መንገድ ደግሞ ሐዋሳንና ዲላን አልፎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ሞያሌ ይገባል። ከልጆቹ አንዱ «ወንድሜ የሄደው በዚህ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሾፌሩ እዚያ ይቁም፤ ካቴኪስቱም ይውረድ። «አዎን በዚህ ነው» ይበል፤ ርቀቱን፣ የአገሮቹን ስም፣ በየድንበሩ የሚያጋጥመውን፣ የደረሱትንም ያልደረሱትንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ይንገር። መናገር የሚሹ ልጆች ይናገሩ፤ ዝም ያለውን ማንም አይጠይቀው። ለዚህ በመርሐ ግብሩ ላይ አንድ ሰዓት ይመደብ፤ ከሙዚየሙ ሰዓት ላይ ቢቀነስም።