ሕጹጽ ሃይማኖትና የሰራፕታዋ መበለት ማድጋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በ2013 ዓ.ም. በተነሣው የሰሜኑ ጦርነት ልጁን ያጣ አንድ አባት በደጀ ሰላም ተቀምጦ ጥያቄ አቀረበልኝ። (የንስሐ ነገር ከካህን አፍ አይወጣምና ይህ በንስሐ የተነገረኝ አይደለም፤ ሌሎችም እየሰሙ የተናገረው ነው።) ጥያቄውም እንዲህ የሚል ነበር፦ «አባቴ፥ እግዚአብሔር የለም አልልም። ነገር ግን እጄን ዘርግቼ አቡነ ዘበሰማያት ስል ልቤ አብሮኝ አይቆምም። በዚህ ልብ ብጸልይ እግዚአብሔርን ማታለል አይሆንብኝምን? ከማታለልስ መተው አይሻልምን?» ይህንም በሚናገርበት ወራት ከቅዳሴ እየራቀ ሄዶ ነበር።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ብዙ ምእመናን በልባቸው ይዘው ይኖራሉ። ልጅ የሞተበት፥ ቤቱ የተቃጠለበት፥ ወይም ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ የማያደርሰው ሰው ሃይማኖቱን በሚዛን አስቀምጦ ቢያየው ቀልሎ ያገኘዋል፤ ቀልሎ ስላገኘውም ያፍርበታል፤ ስላፈረበትም ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣትን ያቆማል። በእኔ ግምት ሰይጣን በክሕደት ከወሰደው ሰው ይልቅ በዚህ እፍረት የወሰደው ይበዛል። እኛ መምህራንም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም፤ በዐውደ ምሕረት ስንቆም የሰማዕታትንና የጻድቃንን ታላቅ ሃይማኖት ብቻ እየተረክን ታናሹን ሃይማኖት መቆሚያ አሳጥተነዋል።

ደቀ መዛሙርቱ በታንኳ ሳሉ ማዕበል በተነሣ ጊዜ ጌታችን ስለ ፍርሃታቸው ገሠጻቸው (ማቴ. 8)። በግእዙ ወንጌል የጠራቸው ሕጹጻነ ሃይማኖት ብሎ ነው። ሕጹጽ ማለት ጎደሎ ማለት ነው። ጎደሎ የሚባለው ግን ጥቂት ነገር ያለበት ዕቃ ነው፤ ምንም የሌለበትስ ባዶ ይባላል እንጂ ጎደሎ አይባልም። ደግሞም ገሥጾ አልተዋቸውም፤ ነፋሱንና ባሕሩን ጸጥ አደረገላቸው። ሃይማኖታቸው እስኪሞላ ድረስ ማዕበሉ እንዲቈያቸው አላደረገም።

የጎደሎ ዕቃ ነገር ከተነሣ ወደ ሰራፕታ እንሂድ። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ፥ በግእዙ አቈጣጠር በሣልሱ፥ በምዕራፍ 17 ይገኛል። በንጉሡ በአክዓብ ዘመን በነቢዩ በኤልያስ ጸሎት ሰማይ ተዘጋ፤ ዝናምም ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ጠፋ። ነቢዩ አስቀድሞ በኮራት ወንዝ ቁራዎች እየመገቡት ተቀመጠ፤ ወንዙ በደረቀ ጊዜ ግን እግዚአብሔር በሲዶና አገር ወዳለችው ወደ ሰራፕታ ላከው። ልብ እናድርግ፤ ሲዶና የኤልዛቤል አባት የነገሠበት፥ በዓል የሚመለክበት አገር ነው። ነቢዩ ከአሳዳጁ ንግሥት የትውልድ ምድር ገብቶ፥ ያውም የምትበላው ባጣች በአንዲት መበለት ቤት ይመገብ ዘንድ ታዘዘ።

ሴቲቱን ያገኛት በከተማይቱ በር እንጨት ስትለቅም ነው። ውኃ ለመናት፤ ልታመጣለት ስትሄድም ቍራሽ እንጀራ ጨምሮ ለመናት። ያን ጊዜ በአምላክህ ብላ ማለች፤ በአምላኬ አላለችም። በማድጋዋ ካለው እፍኝ ዱቄትና በማሰሮዋ ካለው ጥቂት ዘይት በቀር አንዳች እንደሌላት፥ ይህንንም ከልጅዋ ጋር በልተው ሞታቸውን እንደሚጠባበቁ ነገረችው። ይህ የታላቅ ሃይማኖት ቃል ነውን? አይደለም፤ ተስፋ የቈረጠ ሰው ቃል ነው። ነቢዩ ግን እንዳትፈራ ነግሮ፥ አስቀድማ ለእርሱ ታናሽ እንጎቻ እንድታደርግለት፥ ዝናም እስኪዘንም ድረስም ዱቄቱና ዘይቱ እንደማያልቅ አስታወቃት። በአገራችን እንጎቻ የልጅ ድርሻ መሆኑን እናት የሆነች ሁሉ ታውቃለች፤ ልጅ ከምጣዱ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው እርሱን ነው። እንግዲህ ነቢዩ የጠየቀው ከትርፍዋ አይደለም፤ ከልጅዋ አፍ ነው።

መጽሐፍ በዚህ ስፍራ ሴቲቱ አመነች አይልም፤ ሄዳ እንዳደረገች ብቻ ይናገራል። እጅዋ ዱቄቱን ሲዝቅ ልብዋ ምን ይል እንደ ነበር አልተጻፈልንም። ምናልባት እየተጠራጠረች ጋግራ ይሆናል፤ ምናልባትም ዛሬ ብንሞት ነገ ብንሞት ምን ልዩነት አለው ብላ ይሆናል። እግዚአብሔር ግን እንጎቻውን ተቀበለ። የዚያ አባት ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል፤ ሴቲቱ በዚህ ልብ ብትጋግርም እንኳ ነቢዩን አላታለለችም፥ የላከውንም አላታለለችም፤ በነበራት ጥቂት ነገር የሚቻላትን አደረገች እንጂ።

ይህን ምዕራፍ ባነበብሁ ቍጥር በ1977 ዓ.ም. በወሎ፥ በድርቁ ዘመን የሆነው ይታወሰኛል። ያን ጊዜ የጾመ ድጓ ተማሪ ነበርሁ። አኰፋዳዬን ይዤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ከደጅ ወደ ደጅ ስዞር የሚጮኽብኝ ውሻ እንኳ አልነበረም። አንዲት እናት ወጥታ ከያዘችው ቂጣ ገምሳ ሰጠችኝና፥ «ልጄ፥ አንተ ለምንልኝ፤ እኔስ መለመን ትቻለሁ» አለችኝ። ቂጣውን በላሁት። ምን ያህል እንደ ቀራት አልጠየቅሁም፤ ርቦኝ ነበርና። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ስመረምረው፥ መጸለይ ትቻለሁ ያለችው ያች ሴት በእመቤታችን ስም በተለመነች ጊዜ እጅዋን አልሰበሰበችም። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፤ ማድጋዋም እንደ ሰራፕታዪቱ ሳያልቅ ቈየ ብዬ ልመሰክር አልችልም።

ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዓመት በወሎና በትግራይ የብዙ ደጋግ ሰዎች ማድጋ አልቋል፤ የሚጸልዩም የሚያስቀድሱም በረኃብ ሞተዋል። ብቻ እመን፥ ቤትህ ይሞላል እያለ የሚሰብክ ሰው እነዚያን ሙታን ሃይማኖት አልነበራቸውም ማለቱ ነው። ጌታችን ራሱ በናዝሬት ምኵራብ ሲያስተምር፥ በኤልያስ ዘመን በእስራኤል ብዙ መበለቶች እንደ ነበሩ፥ ነቢዩም ከሰራፕታዪቱ በቀር ወደ አንዲቱ እንኳ እንዳልተላከ ተናግሯል (ሉቃ. 4)። ስለምን ወደ እርስዋ ብቻ ለሚል ሰው እኔ መልስ የለኝም፤ መልስ አለኝ የሚለውንም መምህር እፈራዋለሁ።

ለሰራፕታዪቱም ቢሆን ማድጋው አላለቀም ተባለ እንጂ ሞላ አልተባለም። ጐተራ ሙሉ እህል በአንድ ቀን ቢሰጣት ኖሮ ቀሪውን ዘመን ያለ ጭንቀት በተኛች ነበር። እርስዋ ግን ጧት ጧት ወደ ማድጋው ጐንበስ ብላ ሳታይ አልቀረችም፤ የምታየውም፥ እንደሚመስለኝ፥ ያንኑ እፍኝ ነው። ለዛሬ ይበቃል፤ የነገው አይታይም። እንዲህ ሆነው ብዙ ቀን ተመገቡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጅዋ ታሞ ሞተ። ሊቃውንት ይህ ልጅ ኋላ ነቢይ የሆነው ዮናስ ነው ይላሉ። ሴቲቱም ኃጢአትዋን ሊያሳስብና ልጅዋን ሊገድል እንደ መጣ አድርጋ ኤልያስን ወቀሰችው። ኤልያስ አልተቈጣትም። ልጁን ከእቅፍዋ ተቀብሎ ወደ ሰገነቱ አወጣው፤ በአልጋው ላይ አጋድሞም፥ ያስጠጋችውን መበለት ስለምን እንዲህ አደረግህባት ሲል እርሱ በተራው እግዚአብሔርን ጠየቀ። የሴቲቱ ወቀሳና የነቢዩ ወቀሳ አንድ ዓይነት ነው፤ እርስዋ ለሰው ተናገረችው፥ እርሱ ወደ እግዚአብሔር አወጣው። ጸሎት የሚባለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ልጁ ነፍሱ ተመልሳ በተሰጣት ጊዜ፥ በነቢዩ አፍ ያለው የእግዚአብሔር ቃል እውነት መሆኑን ዛሬ እንዳወቀች ተናገረች። ማድጋውን ስንት ቀን ካየች በኋላ!

በደጀ ሰላም ያገኘሁት አባት ይህን ሁሉ ሰምቶ፥ «የእኔስ አልተነሣም» አለኝ። እኔም ዝም አልሁ። ጥቂት ቈይቼ፥ ወቀሳውን ወደ ውስጥ ገብቶ ለእግዚአብሔር እንዲነግረው፥ አቡነ ዘበሰማያትንም ልቡ እስከ ተከተለው ድረስ ብቻ እንዲል ለመንሁት። በማግሥቱ ኪዳን ሲደርስ ከወንዶች መቆሚያ በስተኋላ፥ ከዓምዱ አጠገብ ቆሞ አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ምን እንዳለ ግን አልሰማሁም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።