ሁለት ባላ ስትተክዪ መሬቱን ለዪ

ልጄ፣ ባለፈው ቤቴል መጥተሽ ቡና ስንጠጣ ስለ አዲሱ ሥራሽ አጫወትሽን። «ዳታቤዛችን ሁለት ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይተካል» አልሽ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ስለነበር ዝም አልኩ። አሁን ልናገር።

የግቢያችንን የውሃ ነገር ታውቂዋለሽ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ አንዱ ቢቀደድ አንዱ ይተርፈናል ብዬ ሁለት ሮቶ ገዝቼ ነበር። ሁለቱንም ግን አንድ የብረት ማቆሚያ ላይ ሰቀልኳቸው። ክረምት ገብቶ አፈሩ ሲርስ የማቆሚያው አንድ እግር ሰመጠና ሁለቱም በአንድ ሌሊት ተገለበጡ። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። እኔ ባላውን ሁለት ሳደርግ መሬቱን ሳልለይ ቀረሁ።

ዳታቤዞችሽ የሚሠሩባቸው ቨርቹዋል ማሽኖችም እንዲሁ ናቸው። ዋናውና ተጠባባቂው አንድ ሆስት፣ ማለትም አንድ አካላዊ ሰርቨር ላይ ካደሩ፣ የዚያ ሆስት ማዘርቦርድ ሲቃጠል አብረው ይወድቃሉ። ቪኤምዌር ላይ ዲአርኤስ የሚባለው አከፋፋይ በዋናነት የሚያየው የፕሮሰሰርና የሜሞሪ ጫናን ነው፤ አንዱ ለሌላው ዋስ መሆኑን ካልነገሩት ከየት ያውቃል? ዛሬ የተለያዩትን ነገ ጫና ለማቃለል ብሎ አንድ ላይ ሊያሳድራቸው ይችላል። ኤችኤ የሚባለው የቪኤምዌር አገልግሎት የወደቀውን ማሽን ሌላ ሆስት ላይ ያስነሳል፣ እውነት ነው። ግን ማሽኑ ቡት አድርጎ፣ ዳታቤዙ ራሱን አጣርቶ እስኪነሳ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። «እነዚህ ሁለቱ አብረው አይደሩ» የሚል ደንብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ አንቲ አፊኒቲ የሚሉት።

እኔ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ይህ ደንብ ነበር። አንድ ጎበዝ ልጅ የቪኤምዌር መቆጣጠሪያ የሆነው ቪሴንተር ላይ ገብቶ በማውስ ጠቅ ጠቅ አድርጎ አበጀው፤ ከዚያ ሥራ ለቀቀ። ከወራት በኋላ ተጠባባቂው ማሽን ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ስሙ ያው ነው፤ ለሲስተሙ ግን አዲስ ማሽን ነው፣ ማንም ደንቡ ውስጥ መልሶ አላስገባውም። አንድ ሌሊት አንድ ሆስት ሲሞት ሁለቱም እሱ ላይ ተገኙ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ! እስኪነጋ ድረስ የደንበኛ ስልክ ስንመልስ አደርን።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ደንቡን መሠረተ ልማትን በኮድ በሚያስተዳድረው በቴራፎርም ጻፊው። የማሽኖቹን መለያ በእጅሽ አትክተቢ፤ ማሽኑን ከሚፈጥረው ኮድ ራሱ እንዲወስድ አድርጊ። ያኔ ተጠባባቂው ፈርሶ ሲሠራ ደንቡ አዲሱን መለያ ይከተላል። ኮዱን ጊት ላይ አኑሪው፣ ባልደረባሽም ሳያየው አይለፍ። አንድ ሰው ደንቡን በእጁ ቢሰርዘው ቴራፎርም ፕላን ያጋልጠዋል፤ ካላስኬድሽው ግን ዝም ነው የሚልሽ፤ ስለዚህ በየጠዋቱ ራሱ እንዲሮጥ አድርጊ።

አንድ ነገር በጥብቅ አደራ የምልሽ በኮዱ ውስጥ ያለውን «ማንዳቶሪ» የሚለውን ምርጫ ነው። ካልጻፍሽው ደንቡ አስገዳጅ አይሆንም፤ ክላስተሩ ሲጨናነቅ ሊጣስ ይችላል። አስገዳጅ አድርገሽ ሦስት ማሽን በሦስት ሆስት ላይ ካሰፈርሽ ደግሞ፣ አንዱን ሆስት ለጥገና ልታወጪ ስትይ በላዩ ያለው ማሽን መሄጃ ያጣል። ሆስቶቹ ከማሽኖቹ ቢያንስ በአንድ ይብለጡ። በጀት አይፈቅድም ካሉሽ ደንቡን አላልተሽ መጣስ አለመጣሱን ዘወትር ተከታተዪ። ምናልባት ወደ ኦፕንስታክ ከሄዳችሁ፣ እዚያ ማሽኑ የሚለያይበት ቡድን የሚነገረው ማሽኑ ሲፈጠር ነው፤ ኋላ ልጨምር ማለት አይሠራም።

ሆስት መለየትም ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ ሆስቶች አንድ ስቶሬጅ፣ አንድ ስዊች፣ አንድ ዩፒኤስ ከተጋሩ እንደ እኔ ሮቶ አንድ ማቆሚያ ላይ ናቸው። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ ዳታ ሴንተር ሲቃጠል፣ መጠባበቂያ ቅጂያቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ። እዚህ አዲስ አበባም ራክሲዮና ዊንጉ የሚባሉ ኩባንያዎች በየዳታ ሴንተራቸው ውስጥ ቦታ ያከራያሉ፤ አለቆችሽ «አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ» ቢሉሽ ግን ሁለቱም ያሉት አንድ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ መሆኑን ንገሪያቸው።

ሰኞ ቢሮ ስትገቢ፣ ኢሜይልሽን ከመክፈትሽ በፊት ዋናውና ተጠባባቂው በየትኛው ሆስት ላይ እንዳሉ እዪና ደውዪልኝ።